ፌዴራል መንግሥት የፈቀደውን የጋዝ ቧንቧ ስቴት በውሃ ሕግ ማስቆም ይችላል? ሥልጣኑስ የት ላይ ያበቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኒው ዮርክ የፌዴራል ፈቃድ በእጁ የነበረን የጋዝ ቧንቧ ‹የውሃ ጥራት ማረጋገጫ አልሰጥም› ብላ እንዳስቀረችው አነበብኩ። አንድ ስቴት ፌዴራል መንግሥት ያጸደቀውን የኢነርጂ ፕሮጀክት በውሃ ማስቆም ይችላል? ከቻለስ ያልወደደውን ሁሉ በዚህ መንገድ ሊጥል ነው?»

መልስ፦

ይችላል። ያልወደደውን ሁሉ ግን አይችልም። ሁለቱን አብሮ ማየት ስለሚያስፈልግ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምሠራው በውሃ ሕግ ላይ ስለሆነ አቋሜን አስቀድሜ ልንገርዎ። ይህ ሥልጣን በስቴቶች እጅ መኖሩ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ወንዙ የሚፈሰው በደጃቸው፣ ውሃውንም የሚጠጣው የእነሱ ሕዝብ ነውና። ነገር ግን ከታዩት ክርክሮች እንደምረዳው፣ ስቴቶች በዚህ ሥልጣን ሲሸነፉ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፉት በኩባንያዎች ጉልበት ሳይሆን በራሳቸው አሠራር ነው። ወይ ጊዜውን ያሳልፋሉ፣ ወይ ከውሃ ውጭ ያለ ነገር ያስገባሉ፣ ወይ ምክንያታቸውን በቅጡ አይጽፉም።

መደበኛው ደንብ ስቴቶችን አይደግፍም። ከስቴት ወደ ስቴት የሚሻገር የጋዝ ቧንቧ የሚፈቅደው በአጭሩ ፈርክ የሚባለው የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው። የፌዴራል መንግሥት ላልሆኑ አብዛኞቹ የኃይል ማመንጫ ግድቦችም ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው ኮሚሽን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 ከአዮዋ በቀረበለት የግድብ ጉዳይ፣ የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ግድብ የስቴቱን ፈቃድ ደጅ መጥናት እንደሌለበት ወሰነ። በ1990 ካሊፎርኒያ ይህንን ለማስለወጥ ሞከረች። ሮክ ክሪክ በተባለ አነስተኛ ፕሮጀክት ላይ ፈርክ ለዓሦቹ ሲባል ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በሰከንድ 11፣ በቀረው ጊዜ 15 ኪዩቢክ ጫማ ውሃ እንዲለቀቅ አዝዞ ነበር። ካሊፎርኒያ ደግሞ በራሷ የውሃ መብት ሕግ ከማርች እስከ ጁን 60፣ በሌላው ጊዜ 30 ይለቀቅ አለች። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱባት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ነበሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ እኚሁ ዳኛ በሌላ ወንዝ ጉዳይ ሲጽፉ ስቴቱ ረታ። በዋሽንግተን ስቴት ዶሲዎሊፕስ በሚባል ወንዝ ላይ ሊሠራ የታሰበ ማመንጫ ውሃውን ጠልፎ ወደ ተርባይን ይወስደዋል፤ 1.2 ማይል ርዝመት ያለው የወንዙ ክፍልም ይመነምናል። በዚያ ክፍል ሳልመንና ስቲልሄድ የሚባሉ ዓሦች አሉ። አመልካቾቹ እንደ ወቅቱ ከ65 እስከ 155 ኪዩቢክ ጫማ እንለቃለን አሉ፤ ስቴቱ ከ100 እስከ 200 ካልሆነ አልቀበልም አለ። ፍርድ ቤቱ በ1994 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለስቴቱ ፈረደ።

ክርክሩ በሁለቱም ወንዞች ስንት ውሃ ይለቀቅ የሚል ነበር። ልዩነቱ የመጣው ስቴቶቹ ከተደገፉበት ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ የቆመችው በገዛ ሕጓ ላይ ብቻ ነበር። ዋሽንግተን ስቴት ግን በ1972 በወጣው የፌዴራሉ የንጹህ ውሃ ሕግ፣ በአንቀጽ 401 ላይ ቆመች። ኮንግረሱ ራሱ የሰጠውን ሥልጣን የፌዴራል የበላይነትን ጠቅሶ መንጠቅ አይቻልም። እርስዎ ያነበቡት የኒው ዮርክ ጉዳይም የሚገዛው በዚሁ አንቀጽ ነው።

አንቀጹ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ወደ አሜሪካ ውሆች ፍሳሽ ሊያስገባ ለሚችል ማንኛውም ሥራ የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው፣ ሥራው የውሃ ጥራት ደንቦችን እንደሚያከብር ፍሳሹ ከሚነሣበት ስቴት ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ስቴቱ ማረጋገጫውን ከከለከለ የፌዴራሉ ፈቃድ አይሰጥም። ግዴታ ጨምሮበት ከሰጠ ደግሞ ግዴታዎቹ የፌዴራሉ ፈቃድ አካል ይሆናሉ፤ ፈርክ «ይህኛውን አልወደድኩትም» ብሎ ሊሰርዛቸው እንደማይችል አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1997 ወስኗል። ኮንግረሱ በ2005 የተፈጥሮ ጋዝ ሕጉን ሲያሻሽልም ስቴቶች በንጹህ ውሃ ሕግ ያላቸው መብት እንደተጠበቀ መሆኑን በግልጽ ጽፎበታል። ስለዚህ ኒው ዮርክ ያደረገችው ሕጉ በሰጣት በር መግባት ነው። እንደ ስቴት የሚቆጠሩ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መንግሥታትም ይኸው መብት አላቸው።

አሁን ወደ ወሰኖቹ ልግባ።

የመጀመሪያው ወሰን የፌዴራል ፈቃድ ከሌለ አንቀጽ 401 የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ስቴቱ በራሱ ተነሥቶ ማረጋገጫ አምጣ ሊል አይችልም፤ ሥራው የግድ የፈርክ፣ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ኮር ወይም የሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ወደ ውሃ የሚገባ ፍሳሽም ሊኖር ይገባል። ግድብ ይዞ የሚለቀው ውሃ ምንም ባይጨመርበት እንኳ ፍሳሽ እንደሚባል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ከሜይን በመጣ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ስለወሰነ ይህ መስፈርት ሰፊ ነው። በሌላ በኩል ግን በ2023 ያው ፍርድ ቤት በሳኬት ጉዳይ «የአሜሪካ ውሆች» የሚባሉትን አጥብቧል። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በገጽ ላይ ያልተያያዘ ረግረግ ከዚህ ወጥቷል። ረግረጉን ለመድፈን የፌዴራል ፈቃድ ካላስፈለገ የስቴቱ ማረጋገጫም አብሮ ይቀራል። የዚህን ውሳኔ ጉዳት ብዙ ሰው ገና አላስተዋለውም። የራሱ ጠንካራ የረግረግ ሕግ የሌለው ስቴት በብዙ ቦታ ባዶ እጁን ቀርቷል።

ሁለተኛው ወሰን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ስቴቶችን ከሁሉ ይበልጥ የጎዳቸው እሱ ነውና።

ሕጉ ለስቴቱ የሚሰጠው ማመልከቻው ከደረሰው ጀምሮ «ተገቢ የሆነ፣ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ» ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልወሰነ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ፈርክም ያለ እሱ ይቀጥላል። ኒው ዮርክ በአንድ አጭር የጋዝ መስመር ጉዳይ «ዓመቱ መቆጠር ያለበት ማመልከቻው የተሟላ ነው ካልኩበት ቀን ነው» ብላ ተከራከረች። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2018 አልተቀበላትም፤ ቆጠራው ወረቀቱ በደረሰ ቀን ይጀምራል አለ። የጎደለ ነገር ካለ ስቴቱ ያለው መንገድ በጊዜው መከልከል ነው።

ስቴቶችና ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የነበረ መውጫ ነበር። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው አመልካቹ ማመልከቻውን ይስባል፤ ወዲያው መልሶ ያስገባዋል፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ለሁለቱም ወገን ይመች ነበር፤ ስቴቱ ለጥናት ጊዜ ያገኛል፣ ኩባንያውም ከመከልከል ይድናል። በካሊፎርኒያና በኦሪገን ድንበር ባለው በክላማት ወንዝ ላይ ግን ነገሩ መጠን አለፈ። የግድቦቹ ባለቤት ፓሲፊኮርፕ ከሁለቱ ስቴቶች ጋር ተስማምቶ ያንኑ ማመልከቻ ከአሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ እየሳበ መልሶ ያስገባ ነበር። በስምምነቱ ያልነበረው የሁፓ ቫሊ ነባር ሕዝብ ከሰሰ። ወንዙ የሕዝቡ የዓሣ ወንዝ ነው፤ ግድቦቹ ደግሞ ጊዜው ባለፈ ፈቃድ እየሠሩ ቀጥለው ነበር። በጃንዋሪ 2019 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ስቴቶቹ መብታቸውን እንደተዉ ወሰነ። በስምምነት የሚደረግ ስቦ መልሶ ማስገባት ሰዓቱን አያስቆመውም አለ። (አራቱ ግድቦች ኋላ በሌላ መንገድ በ2024 ፈርሰው አልቀዋል።)

እርስዎ ያነበቡትን የኮንስቲትዩሽን ቧንቧ ታሪክ የለወጠው ይህ ውሳኔ ነው። ከፔንሲልቬኒያ ተነሥቶ እስከ ኒው ዮርክ ስኮሃሪ ካውንቲ ድረስ 124 ማይል የሚዘልቅ መስመር ነበር፤ ፈርክ በዲሴምበር 2014 ፈቀደው። ኩባንያው ማረጋገጫ መጠየቅ የጀመረው በ2013 ነው፤ ሁለት ጊዜም ስቦ መልሶ አስገብቷል። ኒው ዮርክ ውሳኔዋን ሳትሰጥ በ2016 መጀመሪያ በፔንሲልቬኒያ በኩል ዛፍ መቁረጥ ተጀመረ። ከሜፕል ዛፍ ጭማቂ ሽሮፕ ለማምረት ያሰበ የአንድ ቤተሰብ ደን፣ የታጠቁ የፌዴራል ፖሊሶች ባሉበት ተጨፈጨፈ። ኤፕሪል 22 ቀን ኒው ዮርክ ማረጋገጫውን ከለከለች። ቧንቧውም እስካሁን አልተሠራም፤ ዛፎቹ ግን ሄደዋል። ይህንን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። የስቴቱ ውሳኔ ሳይታወቅ የማይመለስ ሥራ እንዲጀመር መፍቀድ ከሕጉ መንፈስ ጋር አይሄድም።

የኒው ዮርክ መከልከያ በይዘቱ ጠንካራ ነበር። መስመሩ 251 ጅረቶችን ይሻገራል፤ ከእነዚህ 87ቱ ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚኖርባቸው ናቸው። ይህ ዓሣ የሚፈልገው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ነው። ጅረት ለመሻገር ቦይ ሲቆፈር ደለል ይነሣና ዕንቁላል የሚጣልበትን ጠጠር ያለብሰዋል፤ ዳር ያሉት ዛፎች ሲቆረጡም ውሃው ይሞቃል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን ደጋግሞ ዝርዝር መረጃ ጠየቀው። እያንዳንዱን ጅረት በምን ዘዴ ትሻገራለህ? ከሥር መብሳት ይቻላል ወይ? ቧንቧው ምን ያህል ጠልቆ ይቀበራል? በቂ መልስ አልሰጠኸኝም ብሎ ከለከለው። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 የስቴቱን ምክንያት ተቀበለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 ጉዳዩን ሳያይ አለፈው።

ያኔ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ2019 የክላማት ፍርድ ወጣ። ፈርክ ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ጊዜዋን እንዳላሳለፈች ወስኖ ነበር፤ በኦገስት 2019 ግን ሐሳቡን ለውጦ መብቷን እንደተወች አስታወቀ። በይዘት የረታችው ስቴት በሰዓት ተሸነፈች። ቧንቧውን በመጨረሻ ያስቀረው የኩባንያው የራሱ ውሳኔ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2020 ፕሮጀክቱን ተወው። ስለዚህ «ኒው ዮርክ አስቆመችው» የሚለው አባባል ከፊሉን ብቻ ነው የሚነግርዎ። ዓመታት የፈጀው ክርክር ገንዘቡንና ገበያውን ስለበላው ቀረ ቢባል ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ፍርድ ቤቶች ደንቡን ትንሽ አለዝበውታል። በ2021 ከሰሜን ካሮላይና፣ በ2022 ከካሊፎርኒያ በመጡ የግድብ ጉዳዮች፣ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ማመልከቻውን ከሳበ እና ስቴቱ ዝም ብሎ ከተቀበለው ብቻ፣ ስቴቱ ተመሳጥሯል አይባልም ተብሏል። በዚያው ዓመት የዲሲው ይግባኝ ፍርድ ቤት «መረጃው ስላልተሟላ ከልክያለሁ፤ አሟልተህ ተመለስ» የሚል መከልከያ እንደ ውሳኔ እንደሚቆጠር አረጋግጧል። ለስቴቶች አሁን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው። መረጃው ካልቀረበ ከዓመቱ በፊት መከልከል፤ ከኩባንያው ጋር ጊዜ ለማራዘም አለመዋዋል።

ሦስተኛው ወሰን የጉዳዩ ዓይነት ነው። ጥያቄው ስለ ውሃ መሆን አለበት። በ1994ቱ ፍርድ እንኳ፣ ስቴቱ ከአንዲቷ የፍሳሽ ጉድጓድ አልፎ ሥራውን በሙሉ ማየት እንደሚችል ሲፈቀድ፣ ሥልጣኑ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ አብሮ ተጽፏል። የአየር ብክለት፣ ጫጫታ፣ የባቡር መጨናነቅ፣ የከሰል ፖለቲካ በዚህ በር አይገቡም።

ዋሽንግተን ስቴት በ2017 ያደረገችው እዚህ ላይ ይነሣል። ሎንግቪው በምትባል ከተማ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር፣ በዓመት እስከ 44 ሚሊዮን ቶን የድንጋይ ከሰል ወደ እስያ የሚጭን ወደብ ሊሠራ ታስቦ ነበር። ስቴቷ ማረጋገጫውን ስትከለክል ወንዙን፣ ረግረጉንና ዓሣውን የሚመለከቱ ምክንያቶች ነበሯት፤ እነሱም በቂ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የባቡር ትራፊክን፣ የአየር ጥራትንና ጫጫታን ጨመረችበት። ሞንታናና ዋዮሚንግ የከሰላችንን መንገድ ዘጋችብን ብለው በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሷት፤ ፍርድ ቤቱ በ2021 ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም፤ ኩባንያውም ከስሮ ወደቡ ቀረ። ስቴቷ ያሸነፈች ይመስላል። ሥልጣኑ ራሱ ግን የተጎዳው እዚያ ነው። ስቴቶች ሕጉን ያለ አግባብ ይጠቀሙበታል ለሚሉት ወገኖች ከዚህ የተመቸ ምሳሌ አልተገኘም፤ በ2019 እና በ2020 በዋሽንግተን ዲሲ የተወሰደው እርምጃ ሁሉ በዚሁ ምሳሌ ሲታጀብ ነበር። ዓሣውን ብቻ ይዛ ብትቆም ኖሮ ያው ውጤት ይገኝ ነበር።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለጉ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን የነበረውን ኢንዲያን ፖይንት የተባለ የኑክሌር ማመንጫ ይመልከቱ። የጨረር ደኅንነት የፌዴራል ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ስቴቱ «ኑክሌር ያሰጋኛል» ማለት አይችልም ነበር። የተናገረው ስለ ውሃ ብቻ ነው። ማመንጫው ለማቀዝቀዣ ከሐድሰን ወንዝ በቀን እስከ 2.5 ቢሊዮን ጋሎን ይስባል፤ ከውሃው ጋርም ዓሣና የዓሣ ዕጭ ይገባበታል። በ2010 ማረጋገጫው በዚህ ምክንያት ተከለከለ። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በ2017 በስምምነት አለቀ፤ ማመንጫው በኤፕሪል 2021 ተዘጋ። መዝጋቱ ለከተማዋ ኤሌክትሪክ በጎ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔም በሙሉ ልብ በጎ ነበር አልልም። በሕግ ዓይን ግን ምክንያቱ ከውሃ አልወጣም።

አራተኛው ወሰን ምክንያትን የማስረዳት ግዴታ ነው። በጋዝ ቧንቧና በፈሳሽ ጋዝ ተርሚናል ጉዳይ የስቴቱን ውሳኔ የሚመረምረው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ዳኞቹ ራሳቸው ሳይንቲስት አይሆኑም፤ ውሳኔው በመዝገቡ ባለው ማስረጃ የተደገፈ መሆኑን ነው የሚያዩት። ኮነቲከት በሎንግ አይላንድ ሳውንድ ሥር የሚያልፍን አይላንደር ኢስት የተባለ ቧንቧ ስትከለክል በ2006 ፍርድ ቤቱ ምክንያትሽ ውሃ አያነሣም ብሎ መለሰባት። እሷም የባሕሩን ወለልና የዛጎል ለበስ ባሕር እንስሳቱን መኖሪያ እንደገና መርምራ፣ በዝርዝር ጽፋ ዳግመኛ ከለከለች፤ በ2008 ጸናላት። የእርስዎ ሜሪላንድም በባልቲሞር ስፓሮውስ ፖይንት ሊሠራ የነበረን የፈሳሽ ጋዝ ተርሚናል በቁፋሮው ምክንያት ከልክላ በ2009 በይግባኝ ፍርድ ቤት ረትታለች።

ጥሩ ምክንያት ኖሮት ጊዜውን የጠበቀ ስቴት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ፔንኢስት የተባለው ቧንቧ ያሳያል። ኩባንያው በጁን 2021 የኒው ጀርሲን መሬት በካሳ የመውሰድ መብት በጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት አገኘ። ትልቅ ድል ነበር። በሴፕቴምበር ግን ፕሮጀክቱን ተወው፤ የኒው ጀርሲ የውሃ ማረጋገጫ አልነበረውምና።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ያለው ኮንግረሱ ነው። የሰጠውን ሊነሣ ይችላል። ከዌስት ቨርጂኒያ ወደ ቨርጂኒያ የሚዘልቀው 303 ማይል ርዝመት ያለው የማውንቴን ቫሊ ቧንቧ ለዚህ ምስክር ነው። ዌስት ቨርጂኒያ የሰጠችውን ማረጋገጫ ይግባኝ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2023 ሰረዘው፤ ያም ስቴቷ ስለከለከለች ሳይሆን ሳትጠነቀቅ ስለፈቀደች ነበር። በጁን ኮንግረሱ የመንግሥት ዕዳ ጣሪያን በሚያነሣው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገብቶ የቧንቧውን ፈቃዶች ሁሉ አጸደቀ፤ ፍርድ ቤቶችም እንዳያዩት ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ጋዝ ፈሰሰበት። ጅረቶቹ በማይታዩበት የበጀት ድርድር እንዲህ ያለ ነገር መወሰኑ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ሕጋዊነቱን ግን አልክድም።

ፕሬዚዳንቶች ግን ከኮንግረሱ እኩል ሥልጣን የላቸውም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኤፕሪል 2019 ባወጡት ትእዛዝ መነሻነት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2020 ደንቡን አጠበበው። ስቴቱ የሚያየው የፍሳሹን ነጥብ ብቻ እንጂ ሥራውን በሙሉ አይደለም ተባለ። በ2021 አንድ ዳኛ ደንቡን ሻረው፤ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ሽረቱን አገደው። በ2023 የባይደን አስተዳደር አዲስ ደንብ አውጥቶ «ሥራውን በሙሉ» የሚለውን መለሰ፤ ስቴቱና የፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ካልተስማሙም ጊዜው ስድስት ወር እንዲሆን ወሰነ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ኤጀንሲው ይህንኑ ደንብ እንደገና መመርመር ጀምሯል። ደንብ በየአስተዳደሩ ቢለዋወጥም የአንድ ዓመቱ ገደብና «ከተከለከለ ፈቃድ የለም» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ስለተጻፉ ኮንግረስ ካልነካቸው አይነቃነቁም።

ስቴቶችም ራሳቸው ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። ወደ ብሩክሊን፣ ኩዊንስና ሎንግ አይላንድ ጋዝ የሚወስደውን፣ ከፊሉ በባሕር ሥር የሚያልፈውን የዊሊያምስ ኩባንያ መስመር ኒው ዮርክ በ2019 እና በ2020 ከለከለች። ቁፋሮው ከባሕሩ ወለል ሜርኩሪና መዳብ ያስነሣል አለች። በኖቬምበር 2025 ፈቀደችው። ባሕሩ ያው ባሕር፣ ሕጉ ያው ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ አዲሱን ጥናት ከመዝገቡ ማየት ያስፈልጋል፤ ለውጡ ከጥናት ካልመጣ ያኔ ስቴቱ አራተኛውን ወሰን ራሱ ጥሶታል ማለት ነው።

በመጨረሻ ወደ ደጅዎ ልመለስ፤ ለእርስዎ ቅርብ የሆነው ጉዳይ ከኒው ዮርክ ይልቅ በሳስኩዌሃና ወንዝ ላይ ያለው የኮኖዊንጎ ግድብ ነውና። ሜሪላንድ በ2018 ለግድቡ ከባድ ግዴታዎች ያሉበት ማረጋገጫ ሰጠች፤ ከጀርባው የተከማቸው ደለልና አልሚ ንጥረ ነገር ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እየወረደ ነበር። ኩባንያው ከሰሰ። በ2019 ስቴቷ ከኩባንያው ጋር ተስማምታ ማረጋገጫውን እንደተወችው አስታወቀች፤ ፈርክም በ2021 የ50 ዓመት ፈቃድ ሰጠ። የውሃ ተሟጋቾች ይግባኝ አሉ፤ በዲሴምበር 2022 የዲሲው ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰረዘው። ስቴት በጊዜው ከወሰነ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ «ትቼዋለሁ» ማለት አይችልም፤ ሕጉ የሚያውቀው መስጠትን፣ መከልከልንና ጊዜ ማሳለፍን ብቻ ነው አለ። ብዙም የማይወሳ ወሰን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ደስ ይለኛል፤ ሥልጣኑ ስቴቱ ከኩባንያ ጋር በዝግ በር የሚደራደርበት ሸቀጥ እንዳልሆነ ይናገራልና። በ2025 መጨረሻ ተሟጋቾቹም የገቡበት፣ ከ340 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ አዲስ ስምምነት ይፋ ሆኗል።

በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲቀርብ የሜሪላንድ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አውጥቶ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። ያን ጊዜ «ፕሮጀክቱን እቃወማለሁ» ወይም «እደግፋለሁ» የሚል ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። የትኛው ጅረት፣ በየትኛው ወር፣ ምን ዓይነት ዓሣ ወይም የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ እንደሚነካ የሚገልጽ፣ ፎቶና ቀን ያለው ጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ ከገባ ግን ስቴቱም ይጠቀምበታል፣ ፍርድ ቤቱም ያየዋል። ማመልከቻው የደረሰበትን ቀን ጠይቀው ይያዙ፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።